ያለ ጨው የማይከፈት ካሴት

ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሙዚቃ ቤት ቢከፍት ክፋት የለውም፤ ሥጋ የማይበላ ባለ ልኳንዳም አይቼ አውቃለሁ። ክፋት የሚመጣው ሙዚቃ ቤት የከፈተው ሰው «እኔስ የራሴን ካሴት ለምን አላወጣም?» ብሎ ያሰበ ዕለት ነው። ያን ዕለት ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጠበል ሊወስደው ይገባል። እኔን የወሰደኝ የለም። ክረምት ስለነበረ መንገዱም አይመችም ነበር።

ወረታን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋትም ብትሆኑ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋታል። ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገደኛ እዚያ ይለያያል። ስንብቱ ረዘም ስለሚል ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ ሲጠጣ ዘፈን ይሰማል፤ ዘፈኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። ድምፃዊው አዲስ አበባ ይዘፍናል፣ እኔ ወረታ ላይ አባዛለሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚደክም እግዜር ይወቅ። ቴፑን የገዛሁት ከአባቴ የወረስኩትን ጥንድ በሬ ሸጬ ነው። ዘመዶቼ «በሬ ሸጦ ጩኸት የገዛው» እያሉ ይጠሩኛል። እኔ ግን ቴፑ ከበሬዎቹ ባላነሰ ያበላኝ ነበር፤ ቀንበር አይጠይቅ፣ ጭድ አይበላ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ደረቅ መሬት ንዳኝ አይል።

ከጎኔ የሐጂ እንድሪስ ሱቅ ነው። ሐጂ ጨው፣ ጋዝ፣ ምስማርና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። ዘፈን አልሰማም ይላሉ፤ ሆኖም እኔ ድምፁን ስቀንስ በግድግዳው በኩል «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። የባትሪ ድንጋይ የምገዛው ከሳቸው ስለሆነ የሙዚቃ ሕይወቴ ግማሹ የሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በእኔ በር የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ናፍቆት ብቻ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብ ደግሞ በናፍቆት ጎርፍ እንደማይሻገር አስረዳኝ። መስከረም ላይ የአብዮት በዓል ይመጣል። እስከዚያ ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ነገር ሠርቼ ካላቀረብኩ ቴፑ ለቀበሌው ኪነት ቡድን ይተላለፋል አለ። «ይተላለፋል» የምትለዋን ቃል የዚያ ዘመን ሰው ያውቃታል። የተላለፈ ነገር ተመልሶ ሲተላለፍ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን አንድ የሰልፍ ማርሽ ቀርጾ፣ «ወደፊት» የሚል ቃል በየመሐሉ ጣል ጣል አድርጎ ይገላገል ነበር። የእኔ ችግር ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ሬዲዮ መስማቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሳፈላልግ የውጭ አገር ዘፈን ገባልኝ። አንዲት ሴት ሕፃን እንኳ ሊይዘው በሚችል ዜማ ታንቆረቁራለች። ልክ እኔም ማንጎራጎር ስጀምር አንድ ክምር ቆርቆሮ ድንጋይ ለድንጋይ ሲጎተት የሚሰጠው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሬዲዮው ተበላሸ ብዬ እንደ ልማዴ በጥፊ ጠገንኩት። ሴትዮዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዜማዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው ተመለሰ። እንዲህ እያሉ ተፈራርቀው ጨረሱና ሕዝብ አጨበጨበላቸው። ቋንቋውን ባልሰማም ጭብጨባው የእውነት ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ አውቀው ነው! ጣፋጩ ያስጠጋሃል፣ ሁካታው ያባርርሃል፣ አንተም መሐል ላይ ቆመህ ትቀራለህ። ይህ ሥልጣኔ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ለሐጂ ሄጄ ሐሳቤን ባዋያቸው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡና «ሳይበላሽ የሚበላሽ ነገር ነው የምትሠራው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ጣፋጩን ክፍል የሺሐረግ ያዘችው። የሺሐረግ ከእኔ ፊት ለፊት ሻይ ቤት የምትሠራ፣ ማታ ማታ ለቀበሌው ኪነት የምትዘፍን ልጅ ናት። ድምፅዋ የተባረከ ነው፤ ሻይዋ ግን ቀጭን ነው። ከእሷ ጋር ተቀምጠን የሠራናቸውን ዜማዎች አንድ ጊዜ የሰማ መንገደኛ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ያንጎራጉራቸዋል። ግጥሙ ላይ ላዩን ስለ ዝናብና ስለ ሥራ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ናፍቆት አለበት። ሊቀመንበሩ ላይ ላዩን የሚሰማ ሰው ስለሆነ አልሰጋንም። ከኪነቱ ሁለት ቁልፉ የማይናገር አኮርድዮንና አንድ ከበሮ ተዋስን።

ሁካታውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። የልብስ ሰፊውን መኪና ቀረጽኩ። መታጠፊያው ላይ አልነሣም ያለ የጭነት መኪና ቀረጽኩ፤ የሾፌሩን ስድብ ለማውጣት ብዙ ደክሜያለሁ። እንቁራሪት ለመቅረጽ ግን የትም አልሄድኩም። በነሐሴ በእኛ በፎገራ ሜዳ ላይ ማይክራፎን በመስኮት ብቅ ማድረግ ይበቃል፤ ይልቅ የሚያስቸግረው እንቁራሪት የሌለበት ድምፅ ማግኘት ነው። አንዱ ዘፈን ላይ የባትሪው ድንጋይ እየደከመ ሲሄድ የሺሐረግ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ መጨረሻው ላይ የመሪጌታ ድምፅ ሆነ። ጥሩ ነው ብዬ እሱንም ተውኩት።

የሺሐረግ ይህን ሁሉ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «እኔ ስዘፍን እንቁራሪቱ ዝም ይበል። አለዚያ እሱ ይዝፈን፣ እኔ ሻይ ላፍላ።» ተሸማገልንና እንቁራሪቶቹ ከግጥም ወደ ግጥም ስትሸጋገር ባለው ክፍተት ብቻ እንዲጮኹ ተስማማን።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለ። ዜማው ከሁሉም ያምራል፣ እንቁራሪቱም በደንብ ጮኾበታል፤ መጨረሻው ግን ባዶ ነበር። በዚህ ስጨነቅ ነው የአያ ደሴን ድምፅ የሰማሁት።

በክረምት ፎገራ ውሃ ነው። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳውና ጣና አይለዩም። ታች ሜዳው ላይ ያለው የቁሐር ሚካኤል አገር ሰው ከብቱን እየነዳ ደረቅ ወዳለበት፣ ወደ እኛ ወደ ወረታ ዳርቻ ይወጣና ውሃው እስኪጎድል እዚያው ይሰነብታል። አያ ደሴ የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም ከብት ይዘው በየዓመቱ የሚወጡ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐይ ዘወር ስትል ከብቱን ጨው ለማላስ ይጠራሉ። ጥሪው ቃል የለውም። ከሆድ ይነሣል፣ ጉሮሮ ላይ ጥቂት ይዞራል፣ ከዚያ «ኦ-ሆ-ሆ-ዪዪዪ» ብሎ ይወጣና ሜዳውን ያዳርሰዋል። እሱን የሰማ ከብት ጭቃ ውስጥም ይሁን ውሃ ውስጥ፣ ግጦሹን ጥሎ ይመጣል። እኔ ያን ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ከውጭ አገሩ ቆርቆሮ ይህ በብዙ ይበልጣል አልኩ።

በማግሥቱ ቴፔን ተሸክሜ ሄድኩና ለመንኳቸው። ደስ እያላቸው እሺ አሉ፣ ጋቢያቸውንም አስተካከሉ፤ ፎቶ የማነሣቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ማይክራፎኑን አስጠጋሁና በሉ ይጥሩ ስላቸው ዙሪያቸውን ተመለከቱና ጨውስ የታለ አሉኝ። ጨው አያስፈልግም፣ የምፈልገው ድምፁን ብቻ ነው ብል ዱላቸውን አጋድመው ቁጭ አሉ።

«ያለ ጨው አልጠራም።»

«አያ ደሴ፣ ለካሴት እኮ ነው።»

«ለካሴትም ቢሆን። በባዶ የጠራሁ እንደሁ ሰው ስቆ ይረሳዋል፣ ላም ግን ትይዝብኛለች። በሁለተኛው አትመጣም። በሦስተኛው እኔም ላም ብሆን አልመጣም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስጠይቅ ግን የአገሩ ወግ ነው። በዚያ ሜዳ ከብትን በባዶ የጠራ ሰው በሐሰት እንደማለ ይቆጠራል። ሽምግልና አይጠሩትም፣ ምስክርነቱም አይጠቅምም፤ ላም ያታለለ ሰው ለሰው አይመለስም ይላሉ። ስለዚህ ወደ ሐጂ ተመልሼ አሞሌ ጨው ገዛሁ። ሐጂ ለዘፈን ጨው ሲገዛ ያዩት የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆኔን ነገሩኝ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን ተረት ግን እሳቸው አልጠቀሱትም፤ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ አይተርትም።

አያ ደሴ ጨውን ሰባብረው ድንጋይ ላይ በተኑ፣ ቆሙ፣ ጠሩ። እኔ በሙያዬ ማይክራፎኑን ጥሩ ድምፅ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጬው ነበር፤ ያ ቦታ የጨው ድንጋዩ ሥር መሆኑን ያስተዋልኩት ከብቱ ሲደርስ ነው። ከፊት የመጣችው ሻሼ የምትባል ጥቁርና ነጭ ላም ናት። ጨውን ላሰች፣ ማይክራፎኑን ላሰች፣ እጄን ላሰች፣ በመጨረሻም የሁለት በሬ ዋጋ የሆነውን ቴፔን ከላይ እስከ ታች ላሰችው። የምላሷ ድምፅ እስከ ዛሬ ካሴቱ ላይ አለ። ላጠፋው አልፈለግሁም፤ ከሙዚቀኞቼ መካከል በሙሉ ልቧ የሠራች እሷ ብቻ ናት።

ልሰናበት ስል አያ ደሴ ክንዴን ያዙኝ። «ይኸ ድምፅ በተከፈተ ቁጥር ጨው ይቀርባል በል። ሚካኤልን በል» አሉኝ። እየሳቅሁ ሚካኤልን አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እኔ ደግሞ በሬውን ሸጬዋለሁ፣ ከእሱ መማርም አልቻልኩም።

በጳጉሜ ሊቀመንበሩ ሊሰማ መጣ። ወንበር አቀረብኩለት፣ የሺሐረግ ሻይ አመጣች። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር የሊቀመንበሩ እግር ሳያማክረው ወለሉን ይመታ ጀመር። እንቁራሪቱ ሲጮህ ግን እግሩ ቆመና ይህ ምንድን ነው አለ። የገጠሩ ድምፅ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የልብስ ስፌት መኪናውን የላብ አደሩ ድምፅ፣ አልነሣ ያለውን የጭነት መኪና የኢንዱስትሪው ድምፅ ነው አልኩ። የሺሐረግ ድምፅ እየወፈረ መሪጌታ ሲሆንስ አለኝ። እሱማ አሮጌው ሥርዓት ሲወድቅ ነው አልኩት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ሰው ቴፑ ሊወሰድበት ሲል አንደበቱ ይፈታል። ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን መጣ፣ አያ ደሴም ጠሩ።

«ይህ ሰው ማንን ነው የሚጠራው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ይህን ያህል ከተሳካልኝ በኋላ ከብት ነው ብል ያምርብኛል? «ሰፊውን ሕዝብ ነው» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። ዓይኑ እንባ ያዘለ መሰለኝ። በዓሉ የሚከፈተው በዚህ ነው፣ ያውም ከአውራጃ በሚመጣው እንግዳ ፊት ነው አለ። ቴፑንም ለጊዜው አንተው ዘንድ ይቆይ ብሎኝ ሄደ። ስለ ጨው ነገር ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሰፊው ሕዝብ ሲጠራ ጨው ይልሳል ማለት በዚያ ዘመን ደግ አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ በቅጠል ያጌጠ በር ቆሟል፤ በዚያ በር እንግዳው ብቻ እንዲያልፍ ተነግሯል። ከአውራጃው ሁለት ታላላቅ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ተውሰው መድረኩ ግራና ቀኝ አቁመዋል። ሕዝቡ ጥሪ ደርሶት ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፏል። አብዮት ጠባቂዎቹ ካኪያቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ ቆመው ላባቸው ጀርባቸው ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌዎች ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ አያ ደሴም ከመካከላቸው ናቸው። እንግዳው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ነበር። ከጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

ሊቀመንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ ወደ እኔ ጠቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ። አሁን የምትሰሙት ጥሪ የሚጠራው ሰፊውን ሕዝብ ነው፤ ሰፊው ሕዝብም ጥሪውን ሰምቶ ይመጣል አለ። እኔ ከፈትኩ። የሺሐረግ ስትዘፍን ሰልፉ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ፣ ከወደኋላ አንድ ሁለት ሰው አብሯት አዜመ። ያን ጊዜ፣ አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንቁራሪቱም ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ የአያ ደሴ ጥሪ በሁለት ሞንታርቦ ወጣ።

አያ ደሴ ከአግዳሚው ብድግ ሲሉ አየሁ። እጃቸውን ጋቢያቸው ሥር ሰደው ይደባብሳሉ። ጨው መፈለጋቸው ነበር።

ከብቱ ውሃው እስኪጎድል ከከተማው ዳር ደረቁ ላይ ይሰነብታል ብያችኋለሁ። ሽማግሌው በጉሮሯቸው ሲጠሩ የሚሰማቸው የራሳቸው መንጋ ነው፤ በሞንታርቦ ሲጠሩ ግን የቁሐር ሚካኤል ከብት በሙሉ ሰማ። መጀመሪያ ሻሼ ብቻዋን ብቅ አለች። አንድ ላም ነው ብሎ ማንም ልብ አላላትም። ከእሷ ኋላ ሜዳው ተነቃነቀ። ከብቱ በጥድፊያ መጣና ሰልፉ አላሳልፍ ሲለው በቅጠል ያጌጠውን በር አገኘ። በሩ ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ፣ ሳይገፋፋ፣ በሥርዓት ገባበት። ከጠዋት ጀምሮ ሕዝቡ እንዲህ ተሰለፍ ተብሎ ሲለመን የነበረው ሰልፍ ያኔ ገና ታየ።

መድረኩ ፊት ደርሰው ቆሙ። ሞንታርቦውን አንጋጠው ያያሉ፣ ይጠብቃሉ። ጨው የለም። የሺሐረግ ከመድረኩ ጀርባ «እንቁራሪቱ ይሻል ነበር» ስትል ሰማኋት። ከብት ደግሞ ጨው ከፈለገ ከየትም ያገኛል። አንዲት ጊደር የአንዱን አብዮት ጠባቂ ጀርባ ላሰችና ቀመሰችው፤ ወዳጆቿም ተከተሏት። ጠባቂዎቹ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ስለተባሉ ቀጥ ብለው ቆመው ተላሱ። ሻሼ ትውውቅ አይቸግራትምና በቀጥታ ወደ ጥላው ሄዳ የእንግዳውን እጅ ከነመሐረቡ ላሰች።

ሊቀመንበሩ «ይህ አሻጥር ነው!» አለ። ወዲያው አንዱ ጠባቂ እኔን በክንዴ፣ ሌላው ቴፔን በብብቱ ያዘ። ቴፑን ሳየው አባቴ ትዝ አሉኝ። ሁለቱ በሬዎች በእነዚህ ሁሉ ላሞች ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጡብኝ መሰለኝ። የአሻጥር ስም ደግሞ በዚያን ጊዜ ቴፕ ብቻ ወስዶ የሚተው ስም አልነበረም።

እንግዳው እጁን እየጠረገ ተነሣና እነዚህን ማን ጠራቸው ብሎ በቀስታ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ፈጥኖ ወደ እኔ አመለከተ። ይህ ሰው ነው፣ በካሴቱ ውስጥ የከብት ጥሪ ደብቆ ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚያው ሞንታርቦ ያለውን ሁሉም ሰምቷል። የከብት ጥሪ ነው ካለ ሰፊውን ሕዝብ ምን እንዳለው ግልጽ ነው፤ የሕዝብ ጥሪ ነው ካለም ተጠርቶ የመጣው ፊቱ ቆሞ ጅራቱን ይወዘውዛል። በበኩሌ አዘንኩለት፤ ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና ያሰበበት ሰው እሱ ነው።

ያን ጊዜ አያ ደሴ በከብቱ መሐል እየተሹለከለኩ መጡና ዱላቸውን ተደግፈው እንግዳው ፊት ቆሙ።

«የጠራሁ እኔ ነኝ፣ ጌታው። ድምፁ የኔ ነው። ልጁ ጨው ሊያቀርብ ሚካኤልን ብሎ ምሎልኛል። እንግዲህ ከተጠሩ አይቀር ይሰጣቸው፣ ያኔ ይሄዳሉ። ያለዚያ እኔንም እናንተንም ሁለተኛ አያምኑ።»

እንግዳው ከብቱን ተመለከተ። ቀጥሎ ከጠዋት ጀምሮ ተጠርቶ፣ ፀሐይ ላይ የቆመውን ሰልፍ ተመለከተ። «እውነታቸውን ነው። ጠርቶ…» አለና የቀረውን ተወው። ዓረፍተ ነገሩን ማንም ጮክ ብሎ አልጨረሰለትም። በልቡ ያልጨረሰው ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም።

ጨው ይምጣ ተባለ። ሐጂ ሱቃቸውን ከፍተው ያለውን አሞሌ ሁሉ አስጫኑ። ክፍያው እንደሚተላለፍላቸው ተነገራቸውና ሐጂ «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው ረሱት። አያ ደሴ ጨውን ሰባብረው መድረኩ ፊት በተኑት፤ ከብቱ ላሰ፣ ጠገበ፣ በመጣበት በር አንድ በአንድ ተመልሶ ወጣ። የተሰለፈው ሰው ሲሄዱ በዓይኑ ሸኛቸው። አንዳንዱ የቀናባቸው ይመስል ነበር።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። እንግዳው ቴፑ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ካሴቱም ይለፍ፣ ነገር ግን ያለ ጨው እንዳይከፈት አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ቴፔን ከጠባቂው ብብት ሲመልሱልኝ ታቅፌው ቆምኩ፤ ላም መጥታ ሁለታችንንም ብትልሰን እንኳ አልለቀውም ነበር። ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲያ በደጄ ሲያልፍ ከተማው ውስጥ አዲስ ሕንፃ የተሠራ ይመስል ወደ ላይ እያየ ያልፋል።

እንዲህ ሆኖ ካሴቴ በመንግሥት ፈቃድ ሞተ። ፎገራ ላይ ላም የማይሰማበት ቦታ የት አለ? መናኸሪያው ላይ ልክፈተው ብል መንገደኛው ጨው መያዝ ሊኖርበት ነው። የገዙኝ ባለ ከብቶች ብቻ ናቸው፤ ሐጂም ከአሞሌው ጎን ደርድረው ሸጡልኝ። የሺሐረግ ወደ ባሕር ዳር ሄደች፤ ሆቴል ውስጥ ትዘፍናለች፣ እንቁራሪት የለም ብላ ልካብኛለች። እኔ የሌሎችን ዘፈን ወደ ማባዛቴ ተመለስኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኔዎቹ ላሞች እንኳ ምድር ላይ ነበሩ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የአያ ደሴ ባለቤት፣ እማማ አትጠገብ፣ ጥቁር ለብሰው ሱቄ መጡ። አያ ደሴ ከጥቂት ወራት በፊት አርፈው ነበር፤ ለቅሶ ደርሻለሁ። ከመቀነታቸው ፈትተው ካሴቴን አወጡ። ክሩ ከውስጥ ተጎልጉሎ ተተብትቧል፤ ቴፕ በልቶት ነው።

«ለእኔ አይመጡም» አሉኝ። «ለልጆቹም አይመጡም። ለሱ ብቻ ነው የሚመጡት።»

ካሴቱን ፈታሁት። የተጎዳውን ቆርጬ ጫፍና ጫፉን በስኮች አያያዝኩ፣ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩ። ቆርጬ ከጣልኩት ውስጥ አብዛኛው የእንቁራሪቱ ድምፅ ይገኝበታል፤ ከእንቁራሪት ምን ይጎድላል ብዬ አልተጨነቅሁም። መሥራቱን ለማየት አብሬያቸው ወደ ቁሐር ወረድኩ። በጋ ነው፣ ሜዳው ደርቋል፣ ከብቱ ርቆ ይግጣል። እማማ አትጠገብ ቴፑን ከደጃቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፣ እኔ ከፈትኩ። የሺሐረግ መዝፈን ጀመረች። አንድም ላም ቀና አላለችም። እማማም አልሰሟት፤ ከጎናቸው ሙቀጫ አቅርበው አሞሌ መውቀጥ ጀመሩ። የዘፈኑ ደራሲ ነኝና ትንሽ ከፋኝ። ዘፈኑን ቆርጬ ጥሪውን ብቻ ላስቀርልዎ፣ እንዲሁ ያስጠብቅዎታል አልኳቸው።

«ተወው፣ ልጄዋ» አሉኝ ዘነዘናውን ሳያቆሙ። «ልጅቷ ስትጀምር ጨው የምወቅጥ ያኔ ነው። እንቁራሪቱ ሲጮህ ወስጄ ድንጋዩ ላይ እበትናለሁ። ድምፁ ሲወጣ ጨው ሳይቀርብ ቀርቶ አያውቅም። እሱ እንኳን ሞቶ ቁሞም ላም አልዋሸ።»

ይህን ያህል ዘመን ማን ይሰማዋል ያልኩት ዘፈን፣ ለካ እዚህ ሥራ ላይ ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ እንቁራሪቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸና ተቆረጠ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ወዲያው የአያ ደሴ ድምፅ ወጣ፣ ሜዳውንም አዳረሰው። ከብቱ ሁሉ አንድ ላይ ቀና አለና መሮጥ ጀመረ። እማማ አትጠገብ ገና ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሡ ነው፣ ጨውም ሙቀጫው ውስጥ ነው።

በሁለት እጄ ዘገንኩና ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። ሚካኤልን ብያለሁ።